ቺፑ ሳይመረመር አይፈረድበት
የቆዩ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ጥገና በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




በጥገና ሙያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው የሞተውን ቺፕ ደኅና ነው ብሎ ማለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደኅናውን ቺፕ ሞቷል ብሎ ከቦርዱ ላይ መንቀል ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ጊዜን ያባክናል፤ መሣሪያው አሁንም አይሠራምና ጠጋኙ ወደ ፍለጋው እንዲመለስ ይገደዳል። ሁለተኛው ግን ከጊዜም አልፎ ንብረትን ያጠፋል። በነቀላው ጊዜ የቦርዱ ቀጭን የመዳብ መሥመር ከተላጠ፣ የነበረው ብልሽት ሳይታወቅ ሌላ ብልሽት በላዩ ይታከልበታልና። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ቡና በሚለቀምበት አገር ላለ ጠጋኝ ከማንም ይልቅ ግልጽ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ቺፕ ከቦርዱ ሳይነቀል፣ በተተከለበት ቦታ እንዳለ እንዴት እንደሚመረመርና ይህ ጥንቃቄ በጅማ አካባቢ ለምን ከሌላው ሥፍራ ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው።

የቦታው ጠባይ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሂርማታ የሐሙስ ገበያዋና በጅሬን ቤተ መንግሥት ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ከመሆንዋም በላይ፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን፣ ጌራን፣ ሰቃንና የቡን የመሳሰሉት የቡና ከተሞች የንግድና የጥገና ማእከል ሆና ኖራለች። የቴክኒክ ትምህርትም ለከተማይቱ እንግዳ አይደለም። የጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 በኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ረዳትነት ተከፍቶ ነበር፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተባቸው ሥሮች አንዱም ይኸው ነው።

የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወራት በእጅ ሲገባ፣ ከልብስና ከቆርቆሮ ቀጥሎ የሚገዛው ሬዲዮ እንደ ነበር የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ነው። በመጀመሪያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የትራንዚስተር ሬዲዮ፣ ከዚያም ሬዲዮና ካሴት ማጫወቻ በአንድነት የያዘው ቴፕ ወደየቤቱ ገባ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1984 ሥርጭቱ በቀለም መታየት ከያዘ ወዲህ፣ የቴሌቪዥን መቀበያም ከዚሁ ቤተሰብ ጋር ተቀላቀለ። በገበያ ላይ ዛሬ ርካሽና አዲስ ዕቃ ሞልቶ ሳለ፣ እነዚህ የቆዩ መሣሪያዎች እስካሁን ወደ ጥገና ጠረጴዛ ይመጣሉ። አንዳንዱ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ፣ አንዳንዱ የአባት ቅርስ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚተካው ስለሌለ ነው።

የአካባቢው አየር ግን ለኤሌክትሮኒክስ የሚራራ አይደለም። በዓመት ውስጥ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። እርጥበቱ በቦርዱ ላይ ካረፈው አቧራ ጋር ሲቀላቀል፣ ዓይን የማያየው የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ይሆናል። ቡና በሚፈለፈልበት አጠገብ ደግሞ የገለባው ብናኝ በዚህ ላይ ይጨመራል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ በጅማ አካባቢ ሥራ ቢጀምርም፣ በመስመሩ ላይ የሚደርሰው መቋረጥና መመለስ፣ የክረምቱም መብረቅ፣ ለቺፕና ለኃይል አቅራቢው ክፍል ጠላት መሆኑ አልቀረም።

በአንድ ቺፕ ላይ የተንጠለጠለ ሚዛን

ነገሩ የሙዚቃና የዜና ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት የቡና እርጥበት መለኪያን ምሳሌ ማድረግ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለንግድ የሚቀርብ ጥሬ ቡና የእርጥበት መጠኑ ከመቶ 8 ያላነሰ ከመቶ 12.5 ያልበለጠ እንዲሆን ይመክራል። ይህን በመጋዘን በር ላይ በፍጥነት የሚለየው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ቢሳሳትስ?

አንድ ኩንታል ቡና እውነተኛ እርጥበቱ ከመቶ 12 ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 88 ኪሎው ደረቅ ቡና፣ 12 ኪሎው ውኃ ነው። መለኪያው በስሕተት ሁለት ነጥብ አስበልጦ 14 ቢያሳይ፣ ባለቤቱ እንደገና ወደ ማድረቂያ አልጋ እንዲመልሰው ይነገረዋል። መለኪያው 12 እስኪል ድረስ ሲያደርቀው እውነተኛው እርጥበት ወደ 10 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የኩንታሉ ክብደት 97 ኪሎ ከ800 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው ምንም ሳያጠፋ ከያንዳንዱ ኩንታል ከሁለት ኪሎ በላይ ክብደት ያጣል። መለኪያው አሳንሶ ቢያሳይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ያልደረቀው ቡና በመጋዘን ውስጥ ይሻግታል። የጠጋኙ ፍርድ ከአንድ ሰው የእንጀራ ገበታ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ቺፕ ምንድን ነው?

ቺፕ በሰፊው ከመታወቁ በፊት አንድ ሰርኪት የሚሠራው ትራንዚስተሮችን፣ ሬዚስተሮችንና ዳዮዶችን አንድ በአንድ በመበየድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጃክ ኪልቢ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ በሚከተለውም ዓመት ሮበርት ኖይስ በፌርቻይልድ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቁራጭ ሴሚኮንዳክተር ላይ የማቀናጀቱን መንገድ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ በ1968 ቁጥር 741 የተባለው ማጉያ፣ በ1972 ደግሞ ቁጥር 555 የተባለው የጊዜ መቁጠሪያ ወጡ፤ ሁለቱም በብዙ የቆዩ መሣሪያዎች ውስጥ ዛሬም ይገኛሉ።

ለጠጋኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቺፕ የታሸገ ቤት ነው። ውስጡ አይታይም፤ አይጠገንም። የሚታወቀው በበሮቹ፣ ይኸውም በእግሮቹ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን በመለካት ብቻ ነው። እግሮቹም ቺፑ ከላይ ሲታይ ከጎድጓዳው ምልክት በስተግራ ካለው ተነሥተው ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆጠራሉ። ቦርዱ ከሥር በኩል ሲገለበጥ አቆጣጠሩም ስለሚገለበጥ፣ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የሚመጣው ከዚች ቀላል ነገር ነው።

ቺፑ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው

በቆየ መሣሪያ ውስጥ ቀድሞ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ አይደለም። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውና የማብሪያው መገናኛ ይዝጋል፤ የባትሪ ድንጋዩ ተፍቶ መዳቡን ይበላል፤ ብየዳው በከባድ ዕቃዎች እግር ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ምርመራው በዓይን፣ በአፍንጫና በጣት ይጀመራል። የከሰለ ቦታ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ አረንጓዴ የሆነ መዳብ፣ የተቃጠለ ሽታ ያለ አንዳች መሣሪያ ይታወቃሉ።

ከዚህ በኋላ ቦርዱ ይጸዳል። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ አልኮል በቂ ነው፤ ነገር ግን ኃይል ተቋርጦ፣ አልኮሉም ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ መሣሪያው ይከፈታል። በጅማ ክረምት ውስጥ ይህ ጽዳት ራሱ ጥገና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው እርምጃ ኃይሉን መመርመር ነው። የቴስተሩ ጥቁር ሽቦ በቦርዱ የጋራ መሬት ላይ ይቀመጥና ቀዩ በቺፑ የኃይል እግር ላይ ያርፋል። ልኬቱ በመሥመሩ ላይ ሳይሆን በራሱ በቺፑ እግር ላይ መሆን አለበት፤ በሁለቱ መካከል የተሰነጠቀ ብየዳ ሊኖር ይችላልና። የመሬት እግሩም እንዲሁ ይለካል፤ ከዜሮ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቺፑ ሳይሆን መሬቱ ነው የተቋረጠው።

ቮልቱ ትክክል ሆኖ መታየቱም ብቻውን አይበቃም። በ50 ኸርዝ የሚሠራ የመብራት ኃይል በድልድይ ዳዮዶች ሲቀና በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ይተዋል፤ ይህን የሚያስተካክለው ትልቁ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሩ ሲደክም አማካዩ ቮልት ደኅና መስሎ ይታያል፤ ሸለቆው ግን ይወርዳል። ቁጥር 7805 የተባለው 5 ቮልት አቅራቢ ለምሳሌ 7 ቮልት ያህል ግቤት ካላገኘ የሚያወጣው 5 ቮልት አይጸናም። ቴስተሩን ወደ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ አዙሮ መለካት ይህንን ያጋልጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደኅና ቺፕ ተወንጅሎ ይሆን!

በዚህ አጋጣሚ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ውስጥ የቦርዱ መሬት ከ220 ቮልት መሥመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። በእንዲህ ያለው ላይ ያለ መለያ ትራንስፎርመር እጅን መስደድ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ይሆናል። ከዚህ በታች በጣትና በካቻቢቴ ስለሚደረገው ሙከራ የሚነገረውም ስለ ባትሪና ስለ ዝቅተኛ ቮልት መሣሪያዎች ብቻ ነው።

ድምፅ አጉሊ ቺፖች

ለምሳሌ ያህል አንድ ትንሽ ሬዲዮ ኃይል እያገኘ ድምፅ አይሰጥም እንበል። በውስጡ ያለው ድምፅ አጉሊ ኤል.ኤም. 386 የሚባለው ስምንት እግር ያለው ቺፕ ነው። ስድስተኛው እግር ኃይል፣ አራተኛው መሬት፣ አምስተኛው መውጫ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው መግቢያ ናቸው። ይህ ቺፕ መውጫውን በራሱ ሥርዓት በአቅርቦቱ ግማሽ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ስድስተኛው እግር 9 ቮልት ከሆነ አምስተኛው እግር 4.5 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ጠጋኙ ሥራውን ሁሉ በዚች አንዲት ልኬት ለሁለት ይከፍለዋል።

መውጫው ግማሽ ላይ ከተገኘ ቺፑ በሕይወት ሳይኖር አይቀርም። ያን ጊዜ መግቢያው እግር በካቻቢቴ ጫፍ፣ ጣት ብረቱን ነክቶ፣ ሲነካ ከድምፅ ማጉያው ጉርምርምታ ከተሰማ ከቺፑ ወዲያ ያለው ሁሉ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከፊቱ ነው። ጉርምርምታ ከሌለ ደግሞ ከመውጫው እስከ ድምፅ ማጉያው ያለው መንገድ፣ ይኸውም ካፓሲተሩ፣ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያና ሽቦው ይመረመራል።

መውጫው በዜሮ ወይም በ9 ቮልት ላይ ተጣብቆ ቢገኝስ? አሁንም ለፍርድ አይቸኮልም። በመውጫው ላይ የተተከለው ካፓሲተር ውስጡ ተገናኝቶ ቮልቱን ወደ መሬት ስቦት ሊሆን ይችላል። የካፓሲተሩ አንድ እግር ተነሥቶ እንደገና ይለካል። ቮልቱ ወደ ግማሽ ከተመለሰ ጥፋተኛው ካፓሲተሩ ነው። ካልተመለሰ፣ ኃይሉ ትክክል ከሆነ፣ መግቢያውም ዜሮ ከሆነ፣ እነሆ በቺፑ ላይ በማስረጃ ተፈረደበት ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ለሌሎችም ይሠራል። ቁጥር 741 ማጉያ በግብረ መልስ ሲሠራ ሁለቱ መግቢያዎቹ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እግር፣ እኩል ለመሆን የተቃረበ ቮልት ሊኖራቸው ይገባል። ልዩነታቸው ሰፍቶ ሳለ ስድስተኛው እግር፣ ይኸውም መውጫው፣ ወደሚገባው ወገን ካልሄደ ቺፑ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ የመለኪያው ጠባይም ይታሰብ። በቮልት 20,000 ኦኽም የሆነው ባለ መርፌ ቴስተር በ10 ቮልት እርከን ላይ 200,000 ኦኽም ብቻ ስለሆነ፣ ስስ የሆነውን ሰርኪት ተጭኖ ሐሰተኛ ንባብ ይሰጣል። 10 ሚሊዮን ኦኽም ያለው ዲጂታሉ በእንዲህ ያለው ቦታ ይመረጣል።

የዲጂታል ቺፖች

በዲጂታል ቺፕ ዘንድ ቋንቋው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ዝቅና ከፍ። በ5 ቮልት በሚሠራው የ7400 ቤተሰብ መግቢያው ከ0.8 ቮልት በታች ያለውን ዝቅ፣ ከ2 ቮልት በላይ ያለውን ከፍ ብሎ ያነበዋል። በሁለቱ መካከል ጸንቶ የቆመ ቮልት ከተገኘ ከሁለቱም ቃል ያልሆነ መንተባተብ ነው። ይህም ወይም መሥመሩ ተቋርጦ መግቢያው ተንጠልጥሏል፣ ወይም ሁለት መውጫዎች እርስ በርሳቸው ይታገላሉ ማለት ነው። የ4000 ቤተሰብ የሆኑት ሲሞስ ቺፖች ግን ከ3 እስከ 15 ቮልት ይሠራሉ፤ መለያያቸውም በአቅርቦቱ ግማሽ አካባቢ ነው። አንዱን ቤተሰብ በሌላው ሕግ መዳኘት አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በዝቅ ላይ የተጣበቀ መሥመር ነው። መሥመሩን የያዘው የላኪው ቺፕ መውጫ ነው ወይስ የተቀባዩ ቺፕ መግቢያ? በዚያ መሥመር ላይ አራት ቺፖች ቢኖሩ አራቱን መንቀል ሞኝነት ነው። ሚሊ ቮልት የሚለካ ቴስተር ካለ መፍትሔው ቅርብ ነው። የመዳቡ መሥመር ጥቂትም ቢሆን ተቃውሞ ስላለው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ጥፋቱ ሲፈስ በመንገዱ ላይ ትንሽ ልዩነት ይተዋል። በመሥመሩ ላይ በየነጥቡ ሲለካ፣ ከመሬት አንጻር ዝቅተኛው ነጥብ ጥፋቱ የሚገኝበት አጠገብ ነው። ውኃን ወደሚፈስበት ተከትሎ ቀዳዳውን እንደማግኘት ማለት ነው።

ኃይል በተቋረጠበት ሁኔታ ደግሞ የዳዮድ ፈተና አለ። የቴስተሩ ቀይ ሽቦ በመሬት፣ ጥቁሩ በየእግሩ ሲያርፍ፣ በብዙዎቹ ቺፖች ውስጥ ያለው ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ዜሮ ያሳየ እግር ከመሬት ጋር ተገናኝቷል፤ ምንም ያላሳየው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። በቦርዱ ላይ ያሉት ሌሎች ዕቃዎች ንባቡን ስለሚለውጡት ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እጅግ የሚጠቅመው ተመሳሳይ ደኅና ቦርድ አጠገብ አስቀምጦ እግር ለእግር ማነጻጸር ነው። የጅማው ጠጋኝ ዘንድ አንድ ዓይነት ሁለት መሣሪያ በአንድ ቀን አይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ደኅና መሣሪያ በእጁ በገባ ቁጥር ንባቡን በደብተር ቢጽፍ፣ ለከርሞው ደብተሩ ደኅናውን ቦርድ ሆኖ ያገለግለዋል።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ኃይል ተቋርጦ፣ አንድ ዓይነት ደኅና ቺፕ በተጠረጠረው ጀርባ ላይ፣ አንደኛው እግር በአንደኛው ላይ ሆኖ፣ እግር በእግር እንዲነካ ይደረብበታል፤ ከዚያ ኃይል ይለቀቃል። መሣሪያው ነፍስ ከዘራ የታችኛው ቺፕ ውስጡ ተቋርጧል። ይሁን እንጂ የታችኛው መውጫ ወደ መሬት ወይም ወደ ኃይል ተጣብቆ ከሆነ ድርቡ ሊያሸንፈው አይችልም፤ ሁለቱም ይግላሉ። ቆጣሪዎችንና ትዝታ ያላቸውን ቺፖችም ይህ ዘዴ አያስተማምንባቸውም። ስለዚህ «ድርቡ አልሠራም፣ እንግዲህ ቺፑ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።

የሙቀትም ምስክርነት ይሰማል። ጣት የማያስችል ቺፕ ጤነኛ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ለብ ማለት ግን የአንዳንዱ ተፈጥሮ ነው። ጠዋት ሠርቶ ቀትር ላይ የሚቆመውን መሣሪያ ደግሞ አንዱን ቺፕ ብቻ ለይቶ በማሞቅና በማቀዝቀዝ ማጋለጥ ይቻላል።

ወደ እርጥበት መለኪያው ስንመለስ

የብዙዎቹ የእርጥበት መለኪያዎች አሠራር በካፓሲተር ላይ የተመሠረተ ነው። ውኃ የኤሌክትሪክን መስክ የመያዝ ኃይሉ ከባዶ ሥፍራ 80 ጊዜ ያህል ሲበልጥ፣ የደረቀ ፍሬ ግን በጥቂት እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ቡናው በሁለት የብረት ግድግዳዎች መካከል ሲፈስ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ካፓሲተሩን ያሳድገዋል። ካፓሲተሩ ሲያድግ አንድ ቺፕ የሚያመነጨው ሞገድ ይዘገያል፤ መሣሪያውም ይህን መዘግየት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

ንባቡ የሚዋዥቅ መለኪያ ሲመጣ የተለመደው ችኮላ ሞገድ አመንጪውን ቺፕ መንቀል ነው። ትክክለኛው ፈተና ግን ሌላ ነው። የቡናው ክፍል ሽቦ ይለያይና በምትኩ ጠባዩ በሙቀት የማይለወጥ ለምሳሌ 100 ፒኮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር ይገባል። ንባቡ ከጸና ቺፑም ቦርዱም ደኅና ናቸው፤ በደሉ በቡናው ክፍል ወይም በመገናኛው ነው። ንባቡ አሁንም ከዋዠቀ ቦርዱ ይጸዳል፤ በሲሞስ ቺፕ እግሮች መካከል የገባ ገለባና እርጥበት በሚሊዮን ኦኽም የሚቆጠር መተላለፊያ ፈጥሮ ሞገዱን ያዛባልና። የቡናን እርጥበት የሚለካው መሣሪያ በራሱ እርጥበት ተሳስቶ ይገኛል ማለት ነው። ከጽዳቱና ከኃይሉ ምርመራ በኋላ መዋዠቁ ከቀጠለ ብቻ ቺፑ ይቀየራል።

መሣሪያው ተጠግኖ ሲበራም ሥራው አላለቀም። መብራቱና መቁጠሩ እውነት ለመናገሩ ማረጋገጫ አይደለም። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለጥሬ ቡና ካወጣቸው ዘዴዎች አንዱ ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለ16 ሰዓት አድርቆ የጎደለውን ክብደት መመዘን ነው። የተጠገነው መለኪያ ከዚህ ዓይነት ምስክር ጋር ሳይነጻጸር ወደ መጋዘን በር መመለስ የለበትም።

ንቀላና ምትክ

ፍርዱ ከተረጋገጠ በኋላም ማዳን የሚገባው ቦርዱን ነው። የሞተ ቺፕ ክብር የለውም፤ ስለዚህ እግሮቹን በቀጭን መቁረጫ አካሉ ሥር ቆርጦ አካሉን ማንሣት፣ ከዚያም እያንዳንዱን እግር ለብቻው አሙቆ ማውጣት ከሁሉ የሚሻል ነው። ሁሉንም እግሮች በአንድነት አግሎ መጎተት የመዳቡን ክብ ይገነጥላል። በባዶው ቦታ መሰኪያ ቢበየድ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አንዳንድ የቆዩ ቺፖች ከፋብሪካ መውጣታቸው ስለ ቀረ፣ በገበያ ላይ የሚገኙት አንዳንዶቹ ስማቸው ተፍቆ በሌላ ስም የታተሙ ናቸው። ጽሕፈቱ በአሴቶን የሚለቅ ከሆነ ዕቃው ይጠርጠር። አዲሱም ቺፕ እንደ አሮጌው ይመርመር፤ አዲስ መሆኑ ደኅና መሆኑን አይመሰክርም። በመስኮት የሚታዩትን የፕሮግራም ማከማቻ ቺፖች በተመለከተ ደግሞ፣ ጽሑፋቸው የቆመው ለአሥርተ ዓመታት በታሰረ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ ሳይጠፋ ቅጂው ይያዝ፤ መስኮቱም ከፀሐይ ይከለል።

የባለቤቱ መብት

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አለ። አንድ አረጋዊ ከአጋሮ የአርባ ዓመት ሬዲዮአቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ይዘው ቢመጡና «ልጄ፣ ይድናል?» ብለው ቢጠይቁ፣ «አባባ፣ ቺፑ ሞቷል፤ አይገኝም» የሚለው መልስ ለጠጋኙ ቀላል ነው። አረጋዊው ይህን ቃል ሊመረምሩ አይችሉም። የታሸገውን ቤት ውስጥ የሚያዩበት ዓይን የላቸውም፤ የሚያምኑት የጠጋኙን አፍ ነው። ሳይለኩ እንዲህ ማለት በማያውቅ ሰው ላይ መፍረድ ይሆናል። ለክቶ፣ ጽፎ፣ «አባባ፣ ኃይሉ እዚህ ድረስ ይደርሳል፤ ከዚህ ግን አይወጣም፤ ካፓሲተሩንም ለይቼ አይቻለሁ» ያለ ጠጋኝ ግን ሬዲዮው ባይድን እንኳ እምነትን አትርፏል።

ከዚህ የተነሣ ማኅበሩ ሊያስብባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ጠጋኞች የሚጽፏቸው የልኬት ደብተሮች ተሰብስበው ለአባላት ሁሉ ቢባዙ፣ አንዱ የደከመበት ለሌላው መንገድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሞቱ መሣሪያዎች ቦርዶች ሳይጣሉ በየከተማው ቢጠበቁ፣ ከገበያ የጠፋ ቺፕ ከዚያ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ለጀማሪዎች ከመበየጃው በፊት ቴስተሩ ይሰጣቸው፤ መለካትን ሳይማር መበየድን የተማረ እጅ ለቦርድ አደገኛ ነውና።

የቡና ለቃሚ ቅርንጫፉን ሳይሰብር ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል። ከጠጋኝም የሚፈለገው ይኸው ነው፦ ደኅናውን ሳይነካ ጥፋተኛውን ለይቶ ማውጣት።